የወዲያ ማዶ ልጆች ሒሳብ

ንፋስ መውጫ ላይ ጡረታ ስወጣ ባልደረቦቼ ጋቢ አለበሱኝ። ርዕሰ መምህሩ ባደረገው ንግግር «የሒሳብ እናት» ሲለኝ ሳቄን ለመያዝ ቀና ብዬ ጣራውን አየሁ። ልጅ ሳለሁ ሒሳብ የሚባል ነገር አልወድም ነበር። ማሰልጠኛ ተቋም የገባሁትም አማርኛ ላስተምር ብዬ ነው። የመጀመሪያው ትምህርት ቤቴ ስደርስ ሌላው ትምህርት ሁሉ ተይዞ ጠበቀኝና ሒሳብ ተሰጠኝ፤ በዚያው ቀረሁ። ስማዳ ሠራሁ፣ አርብ ገበያ ሠራሁ፣ መጨረሻም ንፋስ መውጫ። ጉልበቴ እምቢ ባይለኝ ኖሮ ገና አልወጣም ነበር።

ሽኝቱ ሲያበቃ አንዲት ወጣት መምህርት ጠጋ ብላ፣ «እትዬ ዘውዴ፣ ልጆቹ ሲደናበሩ እያዩ መልሱን ሳይነግሯቸው እንዴት ነው የሚታገሡት?» አለችኝ። አጭር መልስ አልነበረኝም። ረጅሙን ቤቴ ገብቼ ጻፍሁት።

መጀመሪያ የተመደብሁት ስማዳ፣ ከወገዳ ቁልቁል ወደ ቆላው በሚወርደው መንገድ፣ ከወንዝ በላይ ባለ ተረተር ላይ የተሠራ ትምህርት ቤት ነው። ዘመኑ መንግሥት በተለወጠ ማግስት ነበር። ደመወዝ ለመቀበል ወገዳ ድረስ በእግር እንወጣለን። ስለ ደመወዝ ይህ ይበቃል።

አምስተኛ ክፍል ሰጡኝ። ልጆቹ የማባዣ ሠንጠረዡን እንደ መዝሙር ይወጡታል። «ስድስት ሲባዛ በሰባት» ስላቸው «አርባ ሁለት» የሚለው ድምፅ ግድግዳውን ያነቃንቃል። እኔም ጎበዝ መምህር የሆንሁ መሰለኝ። አንድ ቀን ግን፣ «አንድ አግዳሚ ስድስት ልጅ ከያዘ፣ ለአርባ ሁለት ልጅ ስንት አግዳሚ ያስፈልጋል?» ብዬ ጠየቅሁ። ቆይቶ ሙሉቀን የሚባል ፈጣን ልጅ እጁን አወጣና፣

«እትዬ፣ መደመር ነው መቀነስ?» አለኝ።

ጋሽ ውበቱ ከክፍሉ ኋላ ቆመው ይሰሙ ነበር። የትምህርት ቤቱ አንጋፋ መምህር ናቸው። በልጅነታቸው ከደብር ደብር እየዞሩ ዜማና ቅኔ ተምረዋል፤ በኋላ ነው ዘመናዊውን ትምህርት ገብተው መምህር የሆኑት። ልጆቹ ሲወጡ፣

«ዜማውን ይዘውታል፤ ምሥጢሩ ግን ገና ነው» አሉኝ።

«ታዲያ ምን ላድርግ፣ ጋሼ?»

«ቅኔ ቤት ተማሪው ‘ቅኔ ቆጠርሁ’ ነው የሚል። የመምህሩን ሰምቶ ይማራል፤ የዕለቱን ግን ዛፍ ሥር ተቀምጦ ራሱ ይቆጥራል። ቢበላሽበት መምህሩ ያርመዋል እንጂ ቀድሞ አይቆጥርለትም። ቁጥርም እንደዚያው ነው።»

ከዚያ ወዲያ እኔ በክፍላቸው ኋላ እየቆምሁ ልማዳቸውን አንድ ባንድ ወሰድሁ። የተሳሳተ መልስ ከሰሌዳ አያጠፉም፤ የጻፈው ልጅ ራሱ ስሕተቱን አግኝቶ እስኪያጠፋው ድረስ ሲያስፈልግ ያድራል። ልጅ መልስ ሲሰጥ፣ ትክክልም ይሁን ስሕተት፣ በአንድ ዓይነት ድምፅ «በምን አወቅህ?» ይላሉ። ይህን ሲሉ ፊታቸውን ስለማይለውጡ ልጁ መልሱን ከፊታቸው ሊያነብ አይችልም፤ ወደ ራሱ ሐሳብ ይመለሳል። ከጠየቁ በኋላም ፊታቸውን ወደ መስኮቱ አዙረው ውጭውን ያያሉ። ለምን እንደሆነ ብጠይቃቸው፣ «ልጅ ሲያስብ ዓይን ዓይኑን ማየት እንደ መቆንጠጥ ነው» አሉኝ። ጠዋት ጠዋት ደግሞ ከደወል በፊት ልጆቹ የሚመጡበትን መንገድ ይዘው ይወርዳሉ። የዕለቱን ትምህርት የሚያቅዱት ልጆቹ በመንገድ የሚያወሩትንና የሚጨቃጨቁበትን ሰምተው ነው።

እኔም አብሬያቸው ስወርድ ነው ወንዙን ልብ ያልሁት። በመስከረም ክፍሌ ገሚሱ ባዶ ነበር። ወንዙ ሲሞላ የወዲያ ማዶ ልጆች አይሻገሩም። በሰኔም እንዲሁ ነው፤ ፈተናው ሲደርስ ዝናቡም ይደርሳል። ፈተና ያመለጠው ልጅ ክፍል ይደግማል፣ ሁለተኛ ሲደግም አባቱ ያስቀረዋል። ከወዲያ ማዶ ስድስተኛ ክፍልን የጨረሰ ልጅ እምብዛም አልነበረም።

ውኃው ጋብ ብሎ ሁሉም በመጡበት ቀን፣ «ወንዙ የሚሻገሩት መሆኑን በምን ታውቃላችሁ?» አልኋቸው።

«አባቴ ያውቃል» አለ አንዱ።

«ድምፁን ሰምተን።»

«ጥቁሩ ድንጋይ ከታየ።»

«ምን ያህል ሲታይ?»

በዚህ ጊዜ ክርክር ሆነ። አንዱ ራሱ ብቅ ካለ ይበቃል ይላል፤ ሌላው እስከ ወገቡ ካልታየ አይሆንም ይላል። ሰሌዳው ላይ «ወንዙን መቼ እንሻገር?» ብዬ ጻፍሁና ጠመኔውን አስቀመጥሁ። ያን ዓመት ከሰሌዳው ጥግ ያ ጥያቄ አልጠፋም።

ድንጋዩን ለመለካት ወረዱ። እያንዳንዱ በክንዱ ለካ፣ እያንዳንዱም የተለየ ቁጥር ይዞ ተመለሰ። ሙሉቀን ‘ውሸታሞች’ ሲላቸው የሺ፣ ቁመቷ ረዘም ያለ ዝምተኛ የወዲያ ማዶ ልጅ፣ ክንዷን ከክንዱ ጎን አስተካክላ አሳየችው። ሳቁ። «እትዬ፣ የሁላችንም የሆነ ክንድ የለም?» ሲሉኝ ነው ሜትሩን ከቁም ሣጥን ያወጣሁት። እስኪጠይቁኝ ብዬ ቆልፌበት ነበር። አስቀድሜ ሰጥቻቸው ቢሆን ኖሮ እንጨት ነው የሚሆንባቸው።

በወዲህም በወዲያም ዳር ባሉ ድንጋዮች ላይ በቀይ ቀለም ምልክት አደረግን። ጠዋት ጠዋት የውኃው ከፍታ ይነበባል፤ በክፍሉ ግድግዳ ላይ በከሰል ዓምድ ሆኖ ይሣላል። ዛሬ ከትናንት በስንት በለጠ፣ በስንት አነሰ፤ ትንሹን ልጅ የት ድረስ ያጠልቀዋል። ነጥብ ያለው ቁጥር፣ በመጽሐፉ ምዕራፍ ያን ያህል የሚያስለቅሰኝ፣ በወንዙ ዳር ሳላስተምረው ገባቸው። በየካቲት ሕግ አወጡ፦ ውኃው ከሦስተኛው ምልክት በታች ከሆነ ይሻገራሉ፣ ከነካው ይጠብቃሉ። በወዲያ ማዶ ምልክቱን የምታነበው የሺ ነበረች። በዚያ መካከል ጋሽ ውበቱ በዝውውር ከወንዙ ወደ ላይ፣ እስቴ ወገን ወዳለ ትምህርት ቤት ሄዱ፤ እኔ ብቻዬን ቀረሁ። ከወረዳ የመጣው ሱፐርቫይዘር ግድግዳውን አይቶ፣ «ይህ በዕቅድሽ የትኛው ምዕራፍ ነው?» አለኝ። የትኛውም ምዕራፍ አልነበረም። «ምዕራፍ አልጨረሰችም» ብሎ ጻፈ፤ እውነቱን ነው።

በሰኔ መጀመሪያ፣ ፈተናው ሊደርስ ሲል፣ ሰማዩ ጥርት ባለበት ከሰዓት በኋላ ልጆቹ ወደ ቤታቸው ወረዱ። ውኃው ከሦስተኛው ምልክት እጅግ በታች ነበር። የወዲያ ማዶዎቹ ተሻገሩ፤ የሺ ትንንሾቹን አሳልፋ ከኋላ ቀረች። መሐል ወንዝ ላይ ሳለች ደራሽ መጣ። ደራሽ ያላየ ሰው ውኃ የሚጨምር ይመስለዋል፤ ደራሽ ግን አይጨምርም፣ እንደ ግድግዳ ቆሞ ነው የሚመጣ። እንጨት ለቀማ የወረዱ ሰዎች ከታች፣ ወንዙ በሚታጠፍበት ላይ ያዟት። ነፍሷ ተረፈች። ቀኝ እጇ ከክርኗ በላይ ተሰብሮ ነበር።

በማግሥቱ ውኃው ሲጎድል ልጠይቃት ሄድሁ። አባቷን አቶ ደሴን ደጃፉ ላይ ተቀምጦ አገኘሁት። ተቀመጭ አላለኝም።

«እኔ ይህን ወንዝ ከልጅነቴ ጀምሮ በጆሮዬ ነው የምሻገር» አለኝ። ድምፁን ከፍ አላደረገም። «ቆም እላለሁ፣ አዳምጣለሁ፣ ከዚያ እገባለሁ። ልጄም እንደዚያው ታደርግ ነበር። አንች ቀይ ቀለም አሳየሻትና ማዳመጡን ተወች።»

ውስጥ ገብቼ አየኋት፤ እጇ በቀርከሃ ታስሮ ተኝታለች። «ምልክቱን አይቼ ነበር፣ እትዬ» አለችኝ፤ እኔ የምቆጣት መስሏት።

የወዲያ ማዶ ወላጆች በዚያው ሳምንት ልጆቻቸውን ሁሉ አስቀሩ። ርዕሰ መምህሩ ወደ መጽሐፉ እንድመለስ አዘዘኝ። እኔም ግድግዳውን በእርጥብ ጨርቅ ጠርጌ ወደ መጽሐፉ ተመለስሁ። ፈተናው ሲያልቅ ማስተማሩን ልተወው አስቤ፣ ስንቄን ይዤ ጋሽ ውበቱ ዘንድ ወጣሁ።

ቤታቸው ከወንዙ በላይ ነው። ሁሉንም እስክጨርስ ሰሙኝ።

«ልጆቹ ምን አሉ?» አሉኝ።

«ስለ ምኑ?»

«ስለ ስሕተቱ።»

«አልጠየቅኋቸውም። ግድግዳውን ጠርጌ ቀጠልሁ።»

ፊታቸውን ወደ ወንዙ አዞሩ። «ጠረግሽው» አሉ። ሌላ ወቀሳ አልወጣቸውም፤ እራት አቀረቡልኝ፣ ስለ ልጆቻቸው አጫወቱኝ። እኔ ግን ያቺ አንዲት ቃል እህሉን አላስዋጠችኝም።

በዚያ ክረምት ወደ ቤተሰቦቼ አልሄድሁም። ቀረብ ቀረብ ያሉትን የወዲህ ማዶ ልጆች ሰበሰብሁና ያንኑ ሕግ ሰሌዳው ላይ መልሼ ጻፍሁት፦ ከሦስተኛው ምልክት በታች ከሆነ ይሻገራሉ። «የሺ ይህን ጠብቃ ነበር» አልኋቸው። «ሕጉ ምን ጎደለው?» ከዚያ ወደ መስኮቱ ዞርሁ።

ልነግራቸው ምላሴ ላይ ደርሶ ነበር። መጨረሻ ላይ ሙሉቀን ነው የተናገረው።

«ያን ቀን እዚህ አልዘነበም።»

«ታዲያ ውኃው ከየት መጣ?»

«ከጉና ተራራ። እዚያ ዘንቦ ይሆናል።»

«ምልክቱ አሁን ያለውን ውኃ ነው የሚያሳየን» አለች ከፊት የምትቀመጥ አንዲት ትንሽ ልጅ። «የሚመጣውን አያሳይም።»

የሚመጣውን የሚያይ ሰው ማን ነው ሲባል ልጆቹ ራሳቸው «ጋሽ ውበቱ እዚያ ናቸው እኮ» አሉ። እኔ ያን መንገድ ስሄድ ስመለስ አላሰብሁትም።

ሥራው እንዲህ ሆነ። እሳቸው ዘንድ ደራሽ ሲያልፍ ሰዓቱን ይይዛሉ፤ እኛ ዘንድ ሲደርስ እኛ እንይዛለን። የሁለታችንን የእጅ ሰዓት በሬድዮው የዜና ምልክት አስተካከልን። የእሳቸውን ሰዓት ገበያተኛ እያመጣ ይነግረናል። ልጆቹ ሰዓት ከሰዓት ሲቀንሱ ተቸገሩ፤ ከሰዓቱ ሲበደሩ መቶ ደቂቃ ይበደራሉ። ስሕተቱን ሰሌዳው ላይ ተውሁት። አንዱ ልጅ ጎርፉ ከላይ ሳይነሣ እታች የደረሰበት መልስ ወጣለትና ራሱ ስቆ አጠፋው።

ክረምቱ ሲገባደድ የሁለቱ ሰዓቶች ብዙ ልዩነቶች ሰሌዳው ላይ ተሰለፉ። አንዳንዱ ጎርፍ ይዘገያል፣ አንዳንዱ ይፈጥናል። አማካይ አስተምሬያቸው ነበርና ደምረው አካፍለው አማካዩን አወጡ፤ እኔም ደስ ብሎኝ ላጨበጭብላቸው ስል ሙሉቀን ግንባሩን ቋጠረ።

«እትዬ፣ በአማካዩ ከሄድን ፈጣኑ ጎርፍ ያገኘናል።»

«ታዲያ የቱን እንያዝ?»

«ትንሹን።»

«ከትንሹም ቀንሱለት» አለች ያች ትንሽ ልጅ። «ሩጦ ለመውጣት።»

ኋላ አርብ ገበያ ሳለሁ በሥልጠና ላይ ‘ችግርን መሠረት ያደረገ መማር’ የሚል ርዕስ ተሰጠን። አሰልጣኙ የአማካይን ጥቅም እንድናብራራ ሲጠይቅ፣ እኔ አማካይ የማይጠቅምበትን ቦታ ነገርሁት። ልጆቹ ሲነግሩኝ የተሰማኝን ግን ልነግረው አልቻልሁም። የእኔን ትምህርት ተሻግረው ሄደው ነበር።

የቀረው ወሬው ከውኃው ቀድሞ የሚደርስበት መንገድ ነው። ከጋሽ ውበቱ ትምህርት ቤት እስከ እኛ መሻገሪያ ተረተሮች አሉ፤ ጥሩንባ ከአንዱ ወደ አንዱ ይሰማል፤ እሳቸው ዘንድ ደራሽ ሲያልፍ እየተቀባበሉ ቢነፉት ይቀድማል። በመስከረም ከቅዳሴ በኋላ ሕዝቡ በቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር እንዳለ፣ የደብሩ አለቃ ፈቅደውልን ልጆቹ የሠሩትን አስረዱ። የዕድሩ ዳኛ አልወደዱትም።

«ጥሩንባ የሚነፋ ሰው ሲሞት ነው። ባልሞተ ሰው ሕዝቡን ከእርሻው ልናስነሣው ነው?»

«ለሞት ረጅም ነው የሚነፋ» አሉ የደብሩ አለቃ። «ለውኃ አጭር አጭር ይሁን። ሰው ይለየዋል።»

ነፊዎች ሲመረጡ ለመጨረሻው፣ ለወዲያ ማዶው ተረተር ሰው ጠፋ። ከኋላ ቆሞ የነበረው አቶ ደሴ፣ «እሱን ለኔ ተዉት» አለ። ዳኛው፣ «አንተ በዚህ ነገር አታምንም አይዶለም ወይ?» ሲሉት፣ «አላምንም» አለ። «ስለዚህ ነው ራሴ የምይዘው። ሌላ ሰው ቢነፋው እጠራጠራለሁ።» የሺን ግን አልመለሳትም፤ ሌሎቹም ወላጆች እሱን እያዩ ልጆቻቸውን አንድ ሁለት ብለው ብቻ ላኩ።

መስቀል ካለፈ በኋላ ነው። ፀሐይ ነበር። ልጆቹ ከትምህርት ወጥተው መሻገሪያው ላይ ደርሰዋል፤ ውኃው ጉልበት አይደርስም። እኔም አብሬ ወርጄ ነበር። ከወዲያ ማዶ ተረተር ጥሩንባው አጭር አጭር ተነፋ። ልጆቹ ወደ ላይ ተመልሰው ሣሩ ላይ ተቀመጡ። ከገበያ የሚመለስ አንድ ሰው አህዮቹን እየነዳ መጣና ሊገባ ሲል ሙሉቀን ተነሥቶ፣ «አባባ፣ ትንሽ ይቆዩ፤ ደራሽ እየመጣ ነው» አለው።

ሰውየው ሰማዩን አየ፣ ውኃውን አየ። «ምኑ ነው የሚደርሰው፣ ልጄ?»

«ጉና ዘንቧል። ተነግሮናል።»

ሰውየው ከልጅ ጋር ላለመከራከር ይመስለኛል፣ አህዮቹን አቁሞ ቆመ። ጊዜው ረዘመ። ጥቂት ልጆች እኔን ማየት ጀመሩ። ባይመጣ ከዚያ ቀን በኋላ ጥሩንባውን የሚሰማ አይኖርም። መጀመሪያ የአፈር ሽታ መጣ። ከዚያ አህዮቹ ጆሯቸውን አቆሙ። ከዚያ ድምፁ፣ ከዚያም ግንድና ድንጋይ እያንከባለለ ራሱ ወንዙ ደረሰ፤ ሦስቱም ምልክቶች ጠፉ።

ሰውየው ቀስ ብሎ ተቀመጠና ባርኔጣውን አወለቀ። ከወዲያ ማዶ አቶ ደሴ ጥሩንባውን እንደያዘ ቁልቁል እየሮጠ ሲመጣ አየን። ዳሩ ላይ ቆሞ ልጆቹን በጣቱ እየጠቆመ ቆጠረ፤ ድጋሚ ቆጠረ። ምን እንዳለ በውኃው ጩኸት አልተሰማንም። ቁጭ ብሎ ፊቱን በነጠላው ሸፈነ።

ውኃው በጎደለ ጊዜ የሺን ይዟት መጣ። እጇ ጠመም ብሎ ነበር የዳነው። «በቀኟ መጻፍ አትችልም» አለኝ፣ ዓይኔን ሳያይ። «በግራዋ ትሞክር።» ከእሷ ኋላ የወዲያ ማዶ ልጆች በሙሉ ተከትለው መጡ። ያመለጣቸውን አምስተኛ ክፍል ደገሙ። በዚያ ዓመት ሰኔ ዝናቡ እንደ ወትሮው ደረሰ፤ ከወዲያ ማዶ ፈተና ያመለጠው ልጅ ግን አልነበረም።

ፈተናው ከወረዳ የመጣ ነው፤ ፈታኙም ከሌላ ትምህርት ቤት የመጣ ወጣት። ሲያበቃ ወረቀቶቹን እያስረከበኝ፣ «አንዲት በግራዋ የምትጽፍ ልጅ አስቸገረችኝ» አለኝ። «‘አንድ ሰው በሰዓት አራት ኪሎ ሜትር ቢጓዝ፣ አሥራ ሁለት ኪሎ ሜትር በስንት ሰዓት ይጨርሳል?’ የሚለውን አንብባ፣ ‘በመንገዱ ወንዝ አለ?’ ትለኛለች። ‘የተጻፈውን ብቻ ሥሪ’ አልኋት።»

ወረቀቷን ፈልጌ አወጣሁ። ፊደሉ ወዲያና ወዲህ የተንጋደደ ነው፤ ግን ይነበባል። «ሦስት ሰዓት» ብላለች። ከሥሩ ደግሞ፦ «ወንዝ ካለ ግን ወዲህ ማዶ ተቀምጦ ይጠብቅ።»

ሙሉ ነጥብ ሰጠኋት። ፈታኙ በትከሻዬ ላይ ጎንበስ ብሎ አየና፣ «መልሱስ እሺ፤ ይህ ሁለተኛው መስመር ምንድን ነው?» አለኝ።

«ሒሳቡ እሱ ነው» አልሁት።